ሳኩራ ሊያብብ ነው፤ ትኬቱን ለስንት ቀን እንቁረጥ?

ጃፓን ለመሄድ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «የቼሪ አበባው፣ ሳኩራ፣ መቼ ነው የሚያብበው?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ትንሽ ሳይንስ፣ ትንሽ ታሪክና ብዙ የባቡር ጉዞ አለበት። አበባው ከተከፈተ እስኪረግፍ ያለው ጊዜ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው፤ ዝናብና ንፋስ ከመጣ ደግሞ እሱም ያጥራል። እናንተ ግን ቪዛ፣ ትኬትና ሆቴል ከወራት በፊት መጨረስ አለባችሁ። አበባውን የሚያዘው አየሩ፣ እናንተን የሚያዛችሁ ቆንስላው።

እስቲ ነገሩን ፈታ አድርገን እንየው። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹን ቀኖች ግን በኛም ጨምሬላችኋለሁ።)

መጀመሪያ ዛፉ። በቶኪዮ፣ በኪዮቶና በኦሳካ በየወንዙ ዳርና በየመናፈሻው የምታዩት ሳኩራ አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ሶሜይ ዮሺኖ ይባላል። ስሙን ያገኘው ዛሬ ቶኪዮ ውስጥ ከተዋጠችው፣ ኮማጎሜ አካባቢ ከነበረችው የአትክልተኞች መንደር ከሶሜይ ነው። በ1800ዎቹ ከዚያ ተነስቶ አገሩን አዳረሰ። ጉዱ ያለው አበዛዙ ላይ ነው። ሶሜይ ዮሺኖን ከዘር አያበቅሉትም። ከአንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ ይቆረጥና በሌላ ችግኝ ጉቶ ላይ ይገጠማል፤ እዚያው ተጣብቆ ያድጋል። እኛ ሙዝና እንሰትን ከእናቲቱ ተክል እንደምናባዛው ዓይነት ማለት ነው። ስለዚህ በየከተማው ያሉት ዛፎች በዘረ መላቸው አንድ ናቸው፣ አንዱ የሌላው ቅጂ ነው። ለዚህም ነው አንድ መናፈሻ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ላይ አብበው አንድ ላይ የሚረግፉት። የሚያብበው ቅጠል ከማውጣቱ በፊት በመሆኑ ደግሞ ዛፉ ከላይ እስከ ታች አበባ ብቻ ይሆናል።

ቀለሙ ላይ ግን አትታለሉ። ፎቶ ላይ ደማቅ ሮዝ ይመስላል፤ በዓይን ሲታይ ነጭ ለመሆን ትንሽ የቀረው ፈዛዛ ሮዝ ነው። ሽታውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «ኢንስታግራም ላይ ያየነው የት ሄደ?» የምትሉ ካላችሁ ጥፋቱ የፊልተሩ ነው፣ ዛፉን አትቀየሙት።

አሁን ወደ ቀኑ። እምቡጡ የሚፈጠረው ካለፈው ዓመት በጁላይና ኦገስት ሙቀት ነው። ከዚያ ቅዝቃዜው ሲገባ ይተኛል። ከእንቅልፉ የሚያነቃው ደግሞ፣ ግር ሊል ይችላል እንጂ፣ ብርዱ ራሱ ነው። በቂ ሳምንታት በብርድ ካልቆየ በደንብ አይነቃም። ከነቃ በኋላ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱ በቶሎ ከመጣ በቶሎ ይከፈታል። ጃፓኖች ለዚህ አንድ የቀላል ሂሳብ ዘዴ አላቸው። ከፌብሩዋሪ 1 ጀምሮ የየቀኑን ከፍተኛ ሙቀት እየደመራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ድምሩ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ አበባው ደረሰ ማለት ነው። ፍጹም አይደለም፣ ግን የሚገርም ያህል ይቀርባል። የብርዱ ወቅት ራሱ የለዘበ ከሆነ ግን ሂሳቡ ይበላሻል። በደቡብ ያለችው ሞቃቷ ካጎሺማ ከቶኪዮ ዘግይታ ያበበችባቸው ዓመታት ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

«አበበ» የሚለውን የሚያውጀው ደግሞ መንግሥት ነው። የሜትሮሎጂ ኤጀንሲው በየከተማው የተመረጠ መለኪያ ዛፍ አለው። የቶኪዮው ያሱኩኒ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ ነው ያለው። ሰሞኑ ሲደርስ አንድ ባለሙያ መጥቶ ዛፉን ቀና ብሎ ያያል፣ ከጀርባው የቴሌቪዥን ካሜራዎች ተደርድረው ይጠብቃሉ፣ ባለሙያው አንድ ሁለት እያለ ይቆጥራል፤ አምስት ወይም ስድስት አበባ ከተከፈተ በቶኪዮ አበባ መጀመሩ ይታወጃል። አራት ከሆነ ነገ ይመለሳል። ከዛፉ አበባ 80 በመቶው ሲከፈት ደግሞ «ሙሉ አበባ» ተባለ። በሁለቱ መካከል አንድ ሳምንት ገደማ አለ። መሄድ ያለባችሁ ከሙሉ አበባው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ እስከ ሳምንቱ ድረስ ባለው ጊዜ ነው። «አበባ ተጀመረ» የሚለውን ዜና ሰምቶ በማግስቱ መናፈሻ የሚሮጥ ሰው እርቃኑን የቆመ ቅርንጫፍና አምስት አበባ ነው የሚያገኘው።

ኤጀንሲው ያበበውን ይቆጥራል እንጂ ትንበያ መስጠቱን ከ2010 ጀምሮ ለግል የአየር ጠባይ ኩባንያዎች ትቶታል። እነሱ ከጃንዋሪ ጀምሮ እያሻሻሉ ያወጣሉ። አማካዩን ካያችሁ ቶኪዮ ማርች 24 (መጋቢት 15) ይጀምራል፣ ማርች 31 (መጋቢት 22) ሙሉ ይሆናል። ኪዮቶ ሙሉ የሚሆነው በኤፕሪል 4 (መጋቢት 26) ግድም ነው። በሰሜን ያለችው ሳፖሮ ሜይ 1 (ሚያዝያ 23) ይጀምራል። ይህ ግን አማካይ ነው። ቶኪዮ በ2020ና በ2021 ማርች 14 አበበች፤ በ2024 ደግሞ እስከ ማርች 29 አስጠበቀች። የሁለት ሳምንት ልዩነት ማለት አንዱ የመጣበትን አይቶ ሲመለስ ሌላው ምንም ሳያይ ሊመለስ የሚችልበት ልዩነት ነው።

የአበባው ቀን በአጠቃላይ ቀደም እያለ መምጣቱን የምናውቀው ከኪዮቶ ነው። ያሱዩኪ አኦኖ የተባሉ የኦሳካ ተመራማሪ የነገሥታትን፣ የመኳንንትንና የመነኮሳትን ማስታወሻ እያገላበጡ የአበባው ድግስ የተደረገባቸውን ቀኖች ለቀሙ። ዝርዝሩ እስከ 812 ወደ ኋላ ይሄዳል። በ2021 የኪዮቶ ሳኩራ ማርች 26 ሙሉ ሆነ፤ በዚያ ከ1,200 ዓመት በላይ በሚሸፍን መዝገብ ውስጥ እስከዚያ ድረስ ቀዳሚ የነበረው የ1409ኙ ማርች 27 ነበር። ድግስ የሚወዱ መነኮሳት ለአየር ንብረት ሳይንስ እንዲህ ይጠቅማሉ ብሎ ማን አሰበ?

እንግዲህ ቀኑን ማንም አይነግራችሁም። ታዲያ ምን ይደረግ? የኔ ምክር ቀኑን ትታችሁ መንገዱን ማቀድ ነው። አበባው ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ከቆላ ወደ ደጋ ይጓዛል። ማርች 28 አካባቢ ገብታችሁ ለአሥር ቀን ያህል ብትቆዩና ቶኪዮንና ኪዮቶን ብትይዙ፣ በአብዛኛው ዓመት አንዱ ጋ ታገኙታላችሁ። ካለፈ ደግሞ ከፍታ ፈልጉ። በፉጂ ተራራ ግርጌ ያለው የካዋጉቺኮ ሐይቅ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ከቶኪዮ ዘግይቶ ኤፕሪል ውስጥ ነው የሚያብበው። ናራ ውስጥ ያለው የዮሺኖ ተራራም አለ፤ 30,000 ያህል ዛፍ አለበት ይባላል፣ አብዛኛውም የዱር ተራራ ሳኩራ ነው። ከታች፣ ከመሀል፣ ከላይና ከጥልቁ ተብሎ በአራት ክፍል ይከፈላል፤ ታች ሲረግፍ ላይ ያብባል፣ እናንተ እየወጣችሁ ወቅቱን ትከተሉታላችሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከቶኪዮ ወንዝ ዳር ይልቅ ይሄ ይሻላል።

ዘግይቶ የሚያብብ ዝርያም አለ። ኪዮቶ ኒናጂ ቤተ መቅደስ ያሉት አጫጭር ዛፎች ሌላው ከረገፈ በኋላ ነው የሚጀምሩት። ኦሳካ ያለው የመንግሥት ገንዘብ ማተሚያ ግቢውን በኤፕሪል አጋማሽ ለአንድ ሳምንት ያህል ለሕዝብ ይከፍታል፤ እዚያ ያሉት አበባቸው የተደራረበ ድርብርብ ዝርያዎች ናቸው። ቶኪዮ ውስጥ ሺንጁኩ ግዮኤን የሚባለው መናፈሻ ብዙ ዝርያ ስላለው ወቅቱ ይረዝማል። ቀድማችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ኢዙ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለችው ካዋዙ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ደማቅ ሮዝ ናት። ፎቶ ፈላጊዎች፣ የናንተ ቀለም ያለው እዚያ ነው። ኦኪናዋ ጃንዋሪ ላይ ይጀምራል፣ ግን ዛፉም ሌላ ነው፣ ድባቡም ሌላ።

ከኤፕሪል አጋማሽ በኋላ ከሆነ የምትደርሱት ወደ ሰሜን ሂዱ። ሂሮሳኪ ከተማ በአሮጌው ቤተ መንግሥት ዙሪያ 2,600 ያህል ዛፍ አላት። አካባቢው የፖም አገር ነው። የፖም ገበሬዎቹ የቅርንጫፍ አገራረዝ ዘዴያቸውን ለሳኩራውም ስለተጠቀሙበት ከመቶ ዓመት በላይ የቆዩ ዛፎች አሁንም እንደ ጉድ ያብባሉ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ምክንያቱም በየከተማው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተተከሉት ብዙዎቹ ዛፎች አርጅተው እየተቆረጡ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 5 ያለው ሳምንት ጃፓኖች ራሳቸው ለእረፍት የሚወጡበት ነው። ባቡርም ሆቴልም አይገኝም።

ስለ ባቡር ካነሳን፣ ድሮ ሁሉም የሚመክረው ለቱሪስት የሚሸጠው የባቡር ማለፊያ በ2023 ኦክቶበር የሰባት ቀኑ ከ29,650 ወደ 50,000 የን ዘሏል። ከቶኪዮ ኪዮቶ ደርሶ መልስ 28,000 የን ገደማ ስለሆነ ለዚያ ብቻ ከሆነ አያዋጣም። ደርሳችሁ ወደ ሰሜንም የምትወጡ ከሆነ ሂሳቡን ሥሩት። ቪዛውን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከመነሳቱ በፊት ማግኘት አለበት፤ የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአብዛኛው የአውሮፓ አገር ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት አያስፈልጋችሁም። ከአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ናሪታ ያደርሳል። ሆቴሉን ደግሞ ትንበያ ሳትጠብቁ፣ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻለውን ዓይነት ቀድማችሁ ያዙ። ወቅቱ ሲቃረብ ዋጋው አይቀመስም።

እሺ፣ ደረሳችሁ እንበል። አሁን ነው ዋናው ነገር የሚመጣው፤ ብዙ ቱሪስት የሚስተውም ይሄንኑ ነው። ጃፓኖች አበባውን ቆመው ፎቶ አንስተው አይሄዱም። ሥሩ ይቀመጣሉ። ሰማያዊ የላስቲክ ሸራ ያነጥፋሉ፣ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ምግብና መጠጥ ይዘረጋሉ፣ ለሰዓታት ያወራሉ። ይህ ሃናሚ ይባላል። የሥራ ባልደረቦች፣ ቤተሰብ፣ ተማሪዎች፣ ጡረተኞች ሁሉም በየሸራቸው ናቸው። መሥሪያ ቤት ከሆነ አዲሱ ተቀጣሪ ከጠዋት ተልኮ ብቻውን ሸራ ላይ ተቀምጦ ቦታ ሲጠብቅ ይውላል፤ ማታ አለቆቹ ይመጣሉ፣ ሞቅ ሲላቸው ዘፈን ይጀመራል። ባቡር ውስጥ ስልክ የማያነሳው ሕዝብ እዚህ ሲጮህ ስታዩ ትገረማላችሁ። ከጃፓን ባህል ለመንገደኛ እንደዚህ በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ሌላ ቀን ማግኘት ይከብዳል።

ልማዱ ከላይ ነው የወረደው። በ812 ንጉሠ ነገሥት ሳጋ ኪዮቶ ውስጥ የሳኩራ ድግስ አደረጉ፤ ከዚያ በፊት ቤተ መንግሥቱ ከቻይና የመጣውን የፕለም አበባ ነበር የሚያደንቀው። በ1598 የጦር አበጋዙ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ዳይጎጂ ቤተ መቅደስ ውስጥ ከሺህ በላይ እንግዳ ጠርቶ እጅግ የተጋነነ ሃናሚ ደገሰ፣ በዚያው ዓመት ሞተ። ተራው ሕዝብ በሰፊው የገባበት በ1700ዎቹ ነው፤ ሾጉኑ (የአገሩ የጦር ገዢ) ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ አሱካያማን በመሳሰሉ የዛሬዋ ቶኪዮ ዳርቻዎች ሳኩራ አስተክሎ ለሁሉም ክፍት አደረገው። አሱካያማ ዛሬም መናፈሻ ነው፣ ከትልቁ የኡኤኖ መናፈሻም ግርግሩ ይቀንሳል።

አበባው ለምን ይህን ያህል ስሜት እንደሚነካ ለመረዳት የዘመን አቆጣጠራቸውን ማየት ይበቃል። የትምህርት ዓመትም የበጀት ዓመትም ኤፕሪል 1 ይጀምራል። ማርች ላይ ይመረቃሉ፣ ይለያያሉ፣ ከተማ ይቀይራሉ፤ ኤፕሪል ላይ አንደኛ ክፍል ይገባሉ፣ ሥራ ይጀምራሉ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው የስንብትና የመጀመሪያ ቀን ፎቶ ላይ ከጀርባ ሳኩራ አለ። ቶሎ መርገፉም እንደ ጉድለት አይታይም፤ ሲረግፍ ለማየት ብለው የሚሄዱ ብዙ ናቸው።

ይህ ግን ሁሌ የዋህ ነገር አልነበረም፣ ቱሪስት አስጎብኚ ደግሞ ይህን አይነግራችሁም። በጦርነቱ ዘመን መንግሥት የሚረግፈውን አበባ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚሞት ወታደር ምሳሌ አደረገው። የአጥፍቶ ጠፊ አብራሪዎች አንዱ የጦር መሣሪያ ስሙ ራሱ «ኦካ»፣ የቼሪ አበባ፣ ነበር። የቶኪዮ መለኪያ ዛፍ የቆመበት ያሱኩኒም በጦርነት የሞቱ የሚዘከሩበት ነው፤ በጦር ወንጀል የተፈረደባቸው መሪዎችም ስላሉበት ቻይናና ኮሪያ እስከ ዛሬ ይቃወሙታል። ዛፉን ልታዩ ስትሄዱ የት እንደቆማችሁ ብታውቁ ጥሩ ነው።

ወደ ሸራው እንመለስ። እናንተም መቀመጥ ትችላላችሁ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ሸራውን ከመቶ የን ሱቅ ግዙ። ምግቡን ከትልልቅ የገበያ መደብሮች ምድር ቤት ወይም ከማንኛውም ሰፈር ሱቅ። ኡኤኖና ዮዮጊ የመሳሰሉ መናፈሻዎች መቀመጫ ናቸው፤ የሜጉሮ ወንዝ ዳር ግን የእግረኛ መንገድ ስለሆነ እየተራመዱ ነው የሚታየው። ሺንጁኩ ግዮኤን ደግሞ መግቢያ ይከፈልበታል፣ አልኮልም አይገባም፣ በር ላይ ይፈተሻል። ጃኬት ያዙ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በዚያ ሰሞን ያለው ብርድ አጥንት ይሰብራል። የዛፉን ሥር አትርገጡ፣ ቅርንጫፉን አትሳቡ፣ አበባው እንዲረግፍ ብላችሁ ለቪዲዮ ዛፉን አትነቅንቁ። ይህን የሚያደርጉ ቱሪስቶች በየዓመቱ አሉ፤ ሰዉ በአፉ አይቆጣም፣ ዝም ብሎ ያያችኋል፣ እሱ ይብሳል። ቆሻሻችሁን የምትይዙበት ፌስታልም አትርሱ። በ1995 ቶኪዮ የምድር ባቡር ውስጥ የሳሪን ጋዝ ጥቃት ከደረሰ ወዲህ የቆሻሻ መጣያ ቅርጫት ከብዙ ቦታ ተነስቷል፤ ይዛችሁ የመጣችሁትን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ጾመኛ ለሆናችሁ አንድ ነገር። ወቅቱ ሁሌም ማለት ይቻላል ዐቢይ ጾም ላይ ይወድቃል። ጃፓን ሥጋና ወተት መሸሽ አይከብድም፤ የሚያስቸግረው የዓሣ መረቅ ነው። ሾርባው፣ የአትክልት ወጡ፣ መጥመቂያው ሁሉ ውስጥ ይገባል። ዓሣ በጾም ትበላላችሁ አትበሉም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም፣ ለየቤታችሁ። የማትበሉ ከሆነ ግን በባሕር ቅጠል የተጠቀለለውን ሩዝ ባለ ጎምዛዛ ፕለሙን ምረጡ። የሃናሚ ጣፋጮችም ከልማዳቸው የጾም ናቸው፤ በእንጨት የተሰካው ሮዝ፣ ነጭና አረንጓዴ የሩዝ ዱቄት ድቡልቡል፣ እንዲሁም ውስጡ ጣፋጭ ቀይ ባቄላ ያለበትና በጨው በተያዘ የቼሪ ቅጠል የተጠቀለለው ሳኩራ ሞቺ። ቅጠሉ ይበላል። ቶኪዮ በስስ ቂጣ፣ ኦሳካና ኪዮቶ ደግሞ በሩዝ ፍሬ ይሠሩታል፤ የኪዮቶው ይበልጣል፣ በዚህ አልደራደርም። ኪዮቶ ውስጥ የቡድሂስት መነኮሳት ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶችም አሉ፤ ሥጋም ዓሣም የለበትም፣ ብቻ ዋጋው ይከብዳል፣ ቀድሞ መያዝም ያስፈልጋል።

ኪዮቶ ስትደርሱ ጊዮን ሰፈር ውስጥ ጌይሻ (በባህላዊ ዘፈንና ጭፈራ እንግዳ የሚያዝናኑ ሴቶች) አሳዳችሁ ፎቶ ለማንሳት አትሞክሩ። ነዋሪዎቹ ተማርረው ከ2024 ጀምሮ የግል የሆኑትን ጠባብ መንገዶች ለቱሪስት ዘግተዋል፤ 10,000 የን ቅጣት የሚል ማስታወቂያም ተለጥፏል። ማየት ከፈለጋችሁ ሚያኮ ኦዶሪ የሚባለው ዝግጅት አለ። ከ1872 ጀምሮ የመጣ ነው፣ ኤፕሪል ወሩን ሙሉ ቲያትር ውስጥ ይጨፍራሉ፣ ትኬት ገዝታችሁ እንደ ሰው ተቀምጣችሁ ታያላችሁ።

ይህ ሁሉ ወጪ የማይታሰብ ከሆነና ኑሯችሁ ዋሽንግተን አካባቢ ከሆነ ደግሞ ሜትሮ ይበቃችኋል። በታይዳል ቤዚን ዙሪያ ያሉትን ዛፎች በ1912 የላኩት የቶኪዮ ከንቲባ ዩኪዮ ኦዛኪ ናቸው፤ አብዛኛው ያው ሶሜይ ዮሺኖ ነው። በ1910 መጀመሪያ የተላኩት ተባይ ተገኝቶባቸው ተቃጥለው ነበር። እዚያ አበባው ሙሉ ነው የሚባለው በ70 በመቶ ነው፣ ከጃፓን አሥር ቀንሰውላችኋል። ቢራችሁን ግን ቤት ተዉት፤ ከዛፉ ሥር ሲከፈት ያየ ፖሊስ እንደ ኡኤኖው አያልፋችሁም።